ዳቦና ባልንጀራ፦ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ምን ታስተምረናለች?

(በማኅበራችን የሃያ አምስተኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል የራት ምሽት፣ ናይሮቢ ላይ የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «አንድ ንግግር አድርግልን» ብሎ ሲጠይቀኝ ብዙ አሰብኩ። የማኅበሩን ታሪክ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቁት መሥራቾቹ እዚሁ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ያንን ለእነርሱ ትቼ፣ እኔ ዕድሜዬን በፈጀሁበት በቋንቋ መምህርነት በኩል ብመጣ ይሻላል አልኩ። ከኮሚቴው እመቤቶች አንዷም «ጋሼ፣ አደራ ወጡ እንዳይቀዘቅዝ» ብለው አስጠንቅቀውኛል። ስለዚህ ቢያንስ ርዕሴ ከራታችን እንዳይርቅ፣ ስለ ምግብ ነው የምናገረው። ስለ አንዲት የምግብ ቃል ብቻ።

ነገሩ የተጀመረው በቤቴ ነው። እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው የልጅ ልጄ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። መምህሯ «በየቀኑ የምትጠቀሙበትን አንድ የምግብ ቃል ምረጡና ከየት እንደመጣ፣ ምን ምን ትርጉም እንዳለው ጽፋችሁ አምጡ» ብለዋታል። እርሷም ቀላል መስሏት «ብሬድ» የሚለውን መረጠች። ዳቦ ማለት ነው። መዝገበ ቃላቱን ስታገላብጥ «ብሬድዊነር» የሚል ቃል አገኘችና «አባባ፣ ይኼ በአማርኛ ምን ይባላል?» አለችኝ። እኔም «ቤተሰቡን የሚያስተዳድር፣ ለቤተሰቡ እንጀራ የሚፈልግ ሰው ነው» አልኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ «እንጀራው ጠፍቶ ነው እንዴ የሚፈለገው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሳቅን። ዘግየት ብዬ ሳስበው ግን ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አልሆነልኝም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሁሉ፣ አንዱ በሞያሌ በኩል፣ ሌላው በአውሮፕላን፣ አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ክፉ ቀን አባሮት የመጣን እንጀራ ፈላጊዎች ነን። ልጅቱ ሳታውቀው የሁላችንንም ታሪክ ጠየቀችኝ። እናም ከእርሷ ጋር ቁጭ ብዬ የቃሏን ዘር መፈለግ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

ከቃሉ ልጀምር። እንግሊዞች ዛሬ ዳቦን «ብሬድ» ይበሉት እንጂ ጥንት እንዲህ አይሉትም ነበር። ከሺህ ዓመት በፊት፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ፣ የዳቦ ስም «ህላፍ» ነበር። ያ ቃል ዛሬ «ሎፍ» ሆኖ ቀርቷል፤ ትርጉሙም ጠብቦ ተቆርሶ ያላለቀ አንድ ሙሉ ዳቦ ማለት ሆኗል። ሱቅ ገብተን «ዋን ሎፍ» ስንል የምንጠራው ያንን አሮጌ የዳቦ ስም ነው። ሩሲያ የተማራችሁ ወንድሞችና እኅቶች «ኽሌብ» የሚለውን ታስታውሱታላችሁ። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት ኽሌብ ራሱ ከዚሁ ከህላፍ ዘመድ፣ ከጥንቱ የጀርመን ቋንቋዎች የተወሰደ ቃል ነው።

ታዲያ «ብሬድ» ያን ጊዜ ምን ነበር? በዚህ ላይ ሊቃውንቱ ሁለት አሳብ አላቸው። አንዳንዶቹ ከመጥመቅና ከመቡካት ጋር ያያይዙታል፤ የቦካ ሊጥ ለማለት ነው። ሌሎቹ ደግሞ የመጀመሪያ ትርጉሙ «ቁራሽ» ነበር ይላሉ። ቁራሹ ቀስ በቀስ ሙሉውን ወረሰና በ1200 እ.ኤ.አ. ገደማ ብሬድ የምግቡ ስም ሆነ፤ ህላፍ ደግሞ ወደ ጎን ተገፋ። የእኛን አማርኛ አስቡት። «ቁርስ» የምንለው የጠዋት ምግብ ስሙን ያገኘው ከመቁረስ ነው። «ቁራሽ እንጀራ አላጣም» ሲል ሰው ስለ አንድ ቁራሽ ብቻ ሳይሆን ስለ ኑሮው ነው የሚናገረው። ከትንሿ ቁራሽ ተነሥቶ ወደ ሙሉው መሄድ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደሚያስገርመው እንምጣ። «ሎርድ» የሚለውን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ጌታ ማለት ነው። የእንግሊዝ መኳንንት ይጠሩበታል፤ በእንግሊዝኛ የሚጸልይ ሰውም አምላኩን በዚሁ ቃል ይጠራል። ይህ ትልቅ ቃል ከየት መጣ ብትሉ፣ ከዳቦ ነው። ጥንት «ህላፍዌርድ» ነበር፤ ህላፍ ዳቦ፣ ዌርድ ጠባቂ፣ የዳቦ ጠባቂ ማለት ነው። በብዙ አፍ ሲመላለስ ህላፎርድ፣ ከዚያም ሎርድ ሆነ። «ሌዲ» ደግሞ፣ እመቤት የምንለው፣ ጥንት «ህላፍዲጌ» ነበር፤ ዳቦ የምታቦካ ማለት ነው። ሁለተኛው ክፍል ዛሬ «ዶው» ከሚባለው፣ ከሊጥ ጋር አንድ ዘር ነው።

በዚያ ቤት ውስጥ ሦስተኛም ሰው ነበር። ከ600 እ.ኤ.አ. ገደማ የሆነው፣ የኬንት ንጉሥ የኤተልበርት ሕግ በእንግሊዝኛ ተጽፈው ከተገኙት ሕጎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። በዚያ ሕግ ውስጥ በአንድ ባላገር ቤት የሚያድር ጥገኛ «ህላፍኤታ» ተብሎ ተጽፏል፤ ዳቦ በሊ ማለት ነው። እርሱን የገደለ ሰው ለባላገሩ ስድስት ሽልንግ ካሣ ይክፈል ይላል። እንግዲህ አንድ ቤት በሙሉ በዳቦ ተሰይሟል ማለት ነው፤ ዳቦ ጠባቂው፣ ዳቦ አቡኪዋ፣ ዳቦ በሊው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የእኛው ግብር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ሠራዊትና ሕዝብ በየተራው እየገባ ግብር ይበላ እንደነበር አባቶቻችን ነግረውናል፤ የውጭ አገር ተጓዦችም ጽፈውታል። ጌታ ጌታ የሚባለው ስላበላ ነው። የማያበላ ጌታ ስሙ ብቻ ይቀራል። እንግሊዞቹም በቃላቸው ውስጥ የደበቁት ይህንኑ ነው። ጌትነት ከመቀመጫ ከፍታ ሳይሆን ከገበታ ነበር የሚመጣው።

ስለ እመቤቲቱ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሎርድ ዳቦውን ይጠብቃል፤ ዳቦው የሚገኘው ግን ሌዲ ስታቦካ ነው። በዚህ ሃያ አምስት ዓመት ውስጥ የማኅበራችን ሊቀ መናብርት ስም በየጊዜው በጽሑፍ ሲወጣ አይተናል። ጤፍ በጠፋበት ዘመን ማሽላውንና የሩዝ ዱቄቱን እየቀላቀሉ፣ እርሾ ከቤት ወደ ቤት በጣሳ እየተላላኩ እንጀራ ያቀረቡልን እናቶች ስም ግን በየትኛው ቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፏል? ኢትዮጵያ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጤፍ በጥሬው ከአገር እንዳይወጣ ከልክላ ለብዙ ዓመታት ስትቆይ፣ እነርሱ ግን ምጣዳቸውን አላቀዘቀዙም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቋንቋ ቢሆን የእመቤትነት ማዕረግ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ጉዳይ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ልጅቱ ቃል፣ ወደ «ብሬድዊነር» እንመለስ። «ዊን» ዛሬ ማሸነፍ ማለት ስለሆነ ልጆቻችን «ዳቦ ያሸነፈ» ብለው ቢተረጉሙት አይፈረድባቸውም። የቃሉ የጥንት ትርጉም ግን መድከም፣ መታገል፣ መጋደል ነበር። ስለዚህ ብሬድዊነር፣ ዳቦ ታግሎ የሚያመጣ ማለት ነው። ቃሉ በዛሬ ትርጉሙ የተለመደው በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ሰው ከእርሻው ወጥቶ በፋብሪካ በር ላይ ቆሞ ደመወዝ መጠበቅ በጀመረበት ጊዜ ነው። አሜሪካኖች በዚያው መቶ ዘመን ገንዘብን በጨዋታ ቋንቋ «ዶው»፣ ሊጥ ይሉት ጀመር፤ በ20ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ራሱ ብሬድ ገንዘብ ማለት ሆነ።

እኛም ጋ እንዲሁ ነው። «እንጀራዬ ነው» ሲል ሾፌሩ መኪናውን፣ ጸሐፊው ብዕሩን ነው የሚያሳየው። ሥራውን ያጣ ሰው «የእንጀራ ገመዴ ተበጠሰ» ይላል። ጥሩ ሥራ ወይም ጥሩ ትዳር የቀናት ልጅ «እንጀራ ወጣላት» ይባላል። በዓረብ አገር ሠርታችሁ የተመለሳችሁ እኅቶች «ዐይሽ» የሚለውን ታውቁታላችሁ። የቃሉ ዘር «ሕይወት፣ መኖር» ነው። ካይሮ ላይ ዐይሽ ብትሉ ዳቦ ይሰጧችኋል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ብትሉ ደግሞ ሩዝ ያቀርቡላችኋል። ምክንያቱም ሁሉም ሰው በሕይወት የሚያኖረውን ምግብ ነው በሕይወት ስም የሚጠራው። በአባታችን ሆይ ጸሎትም ግዕዙ «ሲሳይ» ያለውን አማርኛው «እንጀራ»፣ እንግሊዝኛው «ብሬድ»፣ የዚህ አገር ስዋሂሊ ደግሞ «ምካቴ» ብሎታል። እያንዳንዱ ሕዝብ አምላኩን የሚለምነው በራሱ መሶብ ቋንቋ ነው።

ከእናንተ መካከል ገበያ ላይ «መርቅልኝ» ያላለ ማን አለ? እንግሊዞችም ምርቃት ነበራቸው። በ13ኛው መቶ ዘመን የወጣ ሕግ የዳቦን ክብደትና ዋጋ ይቆጣጠር ነበር። እህል ሲወደድ ዋጋው ሳይሆን የዳቦው መጠን ነው የሚቀንሰው፤ ከተወሰነው ክብደት አሳንሶ የሸጠ ጋጋሪ ግን ይቀጣል። ስለዚህ ጋጋሪዎቹ ቅጣት ፈርተው በአሥራ ሁለቱ ላይ አንድ ይጨምሩ እንደነበር ይነገራል። እስከ ዛሬም «የጋጋሪ ደርዘን» ሲሉ አሥራ ሦስት ማለታቸው ነው።

ሌላም አለ። እኛ እንጀራን ምግብም ሣህንም አድርገን ስንበላ የሚገርማቸው ጎረቤቶች አሉን። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዞችም እንዲሁ ነበሩ። ውሎ ያደረ ዳቦ በወፍራሙ ቆርጠው በገበታ ላይ ያኖሩና ሥጋውንና መረቁን በላዩ ያደርጉበት ነበር፤ ስሙም «ትሬንቸር» ይባል ነበር። ግብዣው ሲያበቃ ያ መረቅ የጠጣ ዳቦ በበር ላይ ለሚጠብቁ ድኾች ይሰጥ ነበር። እኛ ግን ሣህናችንን ራሳችን እንበላዋለን፤ ልዩነታችን ይኼው ነው።

በነሐሴ የመጀመሪያው ቀን ደግሞ «ላማስ» የሚባል በዓል ነበራቸው። ስሙ «የህላፍ ቅዳሴ» ማለት ሲሆን፣ ከአዲሱ ስንዴ የተጋገረውን የመጀመሪያ ዳቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዱበት ነበር። እዚያው ወር ውስጥ በእኛ አገር ልጆች ለቡሄ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙላቸውን ይሰበስባሉ። ሁለቱ በዓላት ዝምድና የላቸውም፤ ገበሬና ዳቦ ባለበት ሁሉ ግን ልጆች ዳቦ የሚጠብቁበት ቀን አለ።

ወገኖቼ፣ እስካሁን ያልኩት ሁሉ መንገድ ለመጥረግ ነው። አሁን ወደ ዋናው ቃል ደረስኩ።

የላቲን ቋንቋ ዳቦን «ፓኒስ» ይለዋል። ጣሊያኖች «ፓኔ» የሚሉት ከዚህ ነው፤ አሥመራ የኖራችሁ «ባኒ» የምትሉትም ከጣሊያኖቹ የመጣ ነው። ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዘመን ጃፓን ድረስ ይዘውት ሄደው ጃፓኖች እስከ ዛሬ ዳቦን «ፓን» ይላሉ። በላቲን «ኮም» ማለት ደግሞ «አብሮ» ነው። ሁለቱን ስታጋጥሟቸው «ኮምፓኒዮ» ይሆናል፤ አብሮ ዳቦ የሚበላ ሰው። ከዚያ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገብቶ «ኮምፓኒየን» ሆነ። ጓደኛ፣ የመንገድ አጋር ማለት ነው። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ላቲኑም ቃሉን የቀዳው ከጀርመን ነገዶች ነው፤ የጎት ሕዝቦች በ4ኛው መቶ ዘመን ጓደኛን «ጋህላይባ» ይሉት ነበር። ያ የቀደመው ህላፍ በውስጡ አለበት፤ ዳቦ ተካፋይ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ የልጅ ልጄን «ጓደኛ በአማርኛ ሌላ ስሙ ማን ነው?» አልኳት። ዝም አለች። እናቷ ከወጥ ቤት ሆና «ባልንጀራ!» ብላ ተጣራች።

ባልንጀራ! ቃሉን ፈታ አድርጋችሁ ስሙት። ባለ እንጀራ። ባለ ቤት፣ ባለ አገር እንደምንለው፣ ባለ እንጀራ። አንድ እንጀራ የሚቆርሱ ሰዎች። በሮማና በጎንደር መካከል ስንት ባሕርና ስንት በረሐ እንዳለ ታውቃላችሁ። እነዚያ ከእኛ አልቀዱም፤ እኛም ከእነርሱ አልቀዳንም። ነገር ግን «ወዳጅ ማን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ሁለቱም አንድ መልስ ሰጡ፤ አብሮኝ የሚበላ ነው አሉ።

መምህር ነኝና አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ቃላት ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመድ ናቸው ማለት ልማድ ሆኗል፤ ብዙ ጊዜም ስሕተት ነው። ኮምፓኒየንና ባልንጀራ በድምፅ አይመሳሰሉም፤ በዘርም አይገናኙም። የተገናኙት በአሳብ ነው። በዘር የሚገናኘውን ከፈለጋችሁ ሌላ አለላችሁ። «ኩባንያ» የሚለው ቃላችን ከጣሊያንኛው «ኮምፓኚያ» ዘር ነው፤ የእንግሊዝኛው «ካምፓኒ»፣ የስዋሂሊው «ካምፑኒ» ሁሉ ከዚያው ከአብሮ ዳቦ መብላት የወጡ ናቸው። ነጋዴዎቻችን ይህን ልብ በሉልኝ። ኩባንያ የሚባለው አክሲዮንና ማኅተም ከመሆኑ በፊት አንድ ዳቦ የሚካፈሉ ሰዎች ስብስብ ነበር።

የእኛም «ማኅበር» የሚለው ቃል በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ በመጀመሪያ የሚያመጣው ድፎ ዳቦውን፣ ጠላውንና በወር አንድ ቀን በአንድ ቤት መሰብሰቡን ነው። እስላም ወገኖቻችን በረመዳን ለኢፍጣር ሲጠራሩ እንዲሁ ነው። ሁላችንም በየእምነታችን ገበታው ሳይቀርብ ማኅበር አናውቅም።

አሁን ግን አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር ነው። በበዓል ቀን የሚነገር አይደለም ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ይህን ሳልናገር ስለ ባልንጀራ ብናገር ውሸታም የምሆን መስሎኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዝናብ በሚጥልበት አንድ እሑድ፣ ወርኃዊው ምሳችን በሚበላበት አዳራሽ በር ላይ ተረኛው እኔ ነበርኩ። አንድ ወጣት መጣ። ጫማው ጭቃ ነው፤ ልብሱ ረጥቧል። በመንገድ ላይ ያለ ልጅ መሆኑ ያስታውቃል። «እዚህ የአገሬ ሰዎች ምሳ ይበላሉ አሉኝ» አለኝ። እኔም «ከየት ነህ?» አልኩት፤ ነገረኝ። «የማን ልጅ ነህ?» አልኩት፤ እርሱንም ነገረኝ። ወቅቱ እንደምታስታውሱት ሰው ሁሉ ሌላውን በጎሣውና በፖለቲካው የሚጠራጠርበት ነበር። እናም «ማን ላከህ? ከእነማን ጋር ነህ?» ብዬ ሦስተኛውን ጥያቄ ጨመርኩበት። ልጁ ዝም አለ። «ቆይ፣ ኮሚቴውን ልጠይቅ» ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ስመለስ በሩ ላይ ውሃው ብቻ ቀርቷል። ወደ መንገዱ ወጥቼ ተጣራሁ፤ አልነበረም። ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

በመሶቡ ዘንድ ቆመው ያስተናግዱ የነበሩ አንዲት እናት ነገሩን ሰሙና አንድ ቃል ብቻ ተናገሩኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ እንጀራ ብላ አይባልም ነበር?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ንግግሮች ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ጥያቄ ግን በጆሮዬ የቀረ የለም። እኔ የቃላት መምህሩ የባልንጀራን ፍቺ አውቅ ነበር። እርሳቸው ግን ያደርጉት ነበር።

ይህን ዛሬ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚቀርብ አንድ አሳብ እንዳለ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ወርኃዊው ምሳ ይቅር፤ በምትኩ በዓመት አንድ ጊዜ በሆቴል ራት ይደረግ የሚል ነው። አሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ማኅበራቸውን የሚወዱ ናቸው፤ ምክንያታቸውም እውነት ነው። የአዳራሹ ኪራይ ጨምሯል። ዱቄቱ ተወዷል። የሚመጣው ሰው ቀንሷል። ከሁሉም በላይ የሚጋግሩትና የሚያጥቡት ሁልጊዜ እነዚያው ስድስት ሰባት እናቶች ናቸው፤ እነርሱም ደክመዋል። ይህን የሚክድ የለም።

እኔ ግን ምሳው እንዳይቀር እለምናለሁ። የሆቴል ራት መልካም ነው፤ ዛሬም ደስ ብሎን ተቀምጠናል። ነገር ግን ወደ ሆቴል ራት የሚመጣው ትኬት የገዛ ሰው ነው። ጫማው ጭቃ የሆነ ልጅ አይመጣም። ሥራ ያጣችው እኅት ልጆቿን ይዛ አትመጣም። በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚተያዩ ሰዎች ደግሞ እንግዶች እንጂ ባልንጀሮች አይሆኑም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላሉ አበው። በሰው አገር ደግሞ ይህ ተረት ብቻ አይደለም። ብቻውን ኖሮ ብቻውን የሞተ ወገን ቀብረን እናውቃለን፤ መታወቂያውን ካዩ በኋላ ነው ስሙን ያወቅነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ዳቦ ማቡካት የእመቤቶች ብቻ ይሁን የሚል ሕግ በእንግሊዝም ሆነ በእኛ ዛሬ የለም። ወንዶች በተራ እንግባ። መጋገር ያልቻለ ሽንኩርት ይክተፍ፤ መክተፍ ያልቻለ ዕቃ ይጠብ። በመጀመሪያው ወር ተረኛ እኔ ነኝ፤ እንጀራዬ ዐይን ባያወጣም ታገሡኝ። ሁለተኛ፣ በበሩ ላይ የሚቆም ተረኛ ለመጣ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ይናገር፤ «ግባ፣ ብላ» ወይም «ግቢ፣ ብዪ» ይበል። ስምና አገር ከቡና በኋላ ይጠየቃል። ሦስተኛ፣ ልጆቻችን የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸውን ይዘው ይምጡ። የዚህ አገር ልጆች በአንድ ትሪ ላይ ከእኛ ልጆች ጋር ይቁረሱ፤ ጉርሻም ይለማመዱ። እኛን ያስጠጋን ይህ አገር ነውና ባልንጀርነታችን ከእርሱም ጋር ይሁን።

የልጅ ልጄ የቤት ሥራዋን ጽፋ አስረከበች። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አሳይታኝ ነበር፤ «በአያቴ ቋንቋ ጓደኛ ማለት እንጀራ ያለው ሰው ነው» ብላለች። «ያለው ሳይሆን የሚካፈለው በዪ» አልኳት። አረመችው።

እንግዲህ ወጡ ሳይቀዘቅዝ ልጨርስ። አሁን ሊቀ መንበራችን ብርጭቆ አንሡ ይሉናል። ፈረንጆች ይህን «ቶስት» የሚሉት ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጥንት ወይናቸውን ለማጣፈጥ የተጠበሰና ቅመም የነካው ቁራሽ ዳቦ በጽዋው ውስጥ ይከቱ ስለነበር ነው። ስሙ ከዚያ ቁራሽ መጣ። ስለዚህ ወይን ያላችሁ በወይን፣ ለስላሳ ያላችሁ በለስላሳ፣ ውሃም ያላችሁ በውሃ ብርጭቋችሁን ስታነሡ፣ በጽዋው ውስጥ አንዲት የማትታይ ቁራሽ ዳቦ እንዳለች አስቡ። እርሷም በዚያ እሑድ ሳይበላ የሄደው ልጅ ድርሻ ናት። ያለበትን ፈጣሪ ያውቃል፤ እንጀራና ባልንጀራ አይንሣው።

መሶባችን አይጉደል፤ እርሿችን አይጥፋ፤ ለሚቀጥለው ሃያ አምስት ዓመት በሰላም ያድርሰን።